የእማዬ ነጠላና የሀስኪዋ ጥርስ

እናቴ ሚኒሶታ በገባች በሁለተኛው ቀን ነጠላዋ ተቀደደ። ጥለቱ ወለሉን እየጠረገ ስታልፍ የአምስት ወሯ ሀስኪ ውሻችን ሉና ከኋላ ደርሳ ጫፉን ላፍ አደረገችው። እማዬ ጎተተች። ሉናም ጎተተች። እማዬ «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች፤ ልጆቹ እየሳቁ ሮጡ፤ እኔም «ኖ! ኖ!» እያልኩ ከማድ ቤት ወጣሁ። ለእኛ ግርግር ነበር። ሉና ግን ቤታችን ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይታ አታውቅም። አንዲት ጥለት ብትይዝ ቤተሰቡ በሙሉ ተነሥቶ አጫወታት።

ነገሩ ሁሉ እዚያች ግርግር ውስጥ አለ። ተጫዋች ውሻ ሰው ላይ ጥርሷን የምታሳርፈው ክፉ ስለሆነች አይደለም። ስለሚያዋጣት ነው። ከፋዮቹ ደግሞ እኛው ነን፤ በጩኸት፣ በሩጫና በመጎተት እንከፍላታለን። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? ባተረፈበትም ይነክሳል።

አብዛኞቻችን ያደግነው ውሻ የግቢ ዘበኛ በሆነበት አገር ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ትራፊ ይጣልለታል፣ ቤት ከገባ በዱላ ይወጣል። ሰው ከነከሰ ትርጉሙ ሁለት ነው፤ ወይ ኃይለኛ ነው፣ ወይ አብዷል። «ሲጫወት ነው የነከሰኝ» የሚል ሰው በሰፈሬ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ልጆቻችን ለምነው ለምነው ሶፋ ላይ የምትተኛ ሀስኪ ሲያመጡ ሦስተኛውን ትርጉም ከባዶ መማር ግድ ሆነብን።

መጀመሪያ ውሻዋ ማን እንደሆነች እንወቅ። የሳይቤሪያ ሀስኪ የመጣው ከሩሲያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነው። ቹክቺ የሚባለው ሕዝብ ያራባው በበረዶ ላይ ጭነት እንዲጎትትለት ነው። ለብቻው ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም፤ ከብዙ ውሾች ጋር ተጠምዶ ረጅም መንገድ የሚሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ክረምት ኖም በተባለች የአላስካ ከተማ ዘጊ አናዳ ሲነሣ፣ መድኃኒቱ የደረሰው በውሾች ቅብብሎሽ ነበር። ወደ 20 የሚጠጉ ነጂዎች ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአምስት ቀን ተኩል ገደማ ጨረሱት። ኒው ዮርክ መናፈሻ ውስጥ ሐውልት የቆመለት የመጨረሻውን ምዕራፍ የመራው ባልቶ ነው። ረጅሙንና አስቸጋሪውን የሮጠው ግን ቶጎ የሚባል ሀስኪ ነበር። ቶጎ ደግሞ ቡችላ ሳለ አላስቀምጥ ያለ ረባሽ ነበር። ባለቤቱ ሰልችቶት ለሌላ ሰው ቢሰጠው፣ በመስኮት መስታወት ዘሎ ወጥቶ ተመልሶ መጣ። ይህን ታሪክ ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ ይቺም አላስካ ትሂዳ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለዚያ ሥራ የተራባ ጉልበት አፓርታማ ውስጥ ሲዘጋበት አንድ መውጫ ይፈልጋል። ቅርብ ያለው መውጫ አፍ ነው።

ውሻ እጅ የላትም። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ በእጁ ጨብጦ እንደሚያየው፣ ቡችላ በአፏ ታያለች። 28 የወተት ጥርሶች አሏት። ከሦስት ወይም ከአራት ወር ጀምሮ እየወለቁ፣ እስከ ስድስት ሰባት ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያ ጊዜ ድዷ ያሳክካታል፤ የጠረጴዛ እግር፣ ጫማ፣ የእጅ አንጓ አትመርጥም። የወተት ጥርሷ እንደ መርፌ ነው፤ መንጋጋዋ ግን ገና ነው። ይህ በከንቱ አይደለም። ጉዳት ሳታደርስ ሕመም ማድረስ ስለምትችል፣ የአፏን ኃይል የምትለካበት ጊዜ ይኼ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ወንድሞቿና እህቶቿ ናቸው። አንዷ ጠንክራ ስትነክስ ሌላዋ ትጮህና ጨዋታውን ጥላ ትሄዳለች። ነካሿ ብቻዋን ትቀራለች። ይኼ ደጋግሞ ሲደርስባት «ለካ ጠንክሬ ስነክስ ጨዋታ ያልቃል» ትላለች። ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ የተለየች ቡችላ ይህን ትምህርት አቋርጣ ነው የምትመጣው። ቀሪውን ማስተማር የእኛ ዕዳ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ስሙ ብዙ የሚነሣው የእንስሳት ሐኪሙ ኢያን ደንባር ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ኃይሉን ቀንሱ፣ ከዚያ ድግግሞሹን። ማለትም ከመጀመሪያው ቀን «ጥርስሽ ቆዳዬን እንዳይነካ» አትበሏት። መጀመሪያ የሚያመውን ንክሻ ብቻ አስቁሙ። እሱ ሲጠፋ መለስተኛውን። ከዚያ ለስላሳውን። መጨረሻ ላይ ጥርስ ሰው ላይ ማሳረፍ ራሱ ይቅር።

ሲሰሙት ይገርማል። ለምን አንዴ ብቻ «አይሆንም» አይባልም? ምክንያቱ ወደፊት ነው ያለው። ማንኛዋም ውሻ አንድ ቀን ልትደነግጥ ትችላለች። ሕፃን ይወድቅባታል፣ ጅራቷ በር ይይዘዋል። ያኔ አፏ ከሐሳቧ ይቀድማል። የአፏን ኃይል መለካት የለመደች ውሻ በዚያች ቅጽበት እንኳ ጥርሷን ነካ አድርጋ ትመልሳለች። መንከስ ብቻ ተከልክላ ኃይሏን መለካት ያልተማረች ግን በሙሉ አቅሟ ልትዘጋው ትችላለች። በዚህ ላይ አሰልጣኞች ሁሉ አይስማሙም። «ከመጀመሪያው ጥርስ አይነካኝም» የሚሉም አሉ። እኛ ቤት ለእኔና ለታላቁ ልጄ የደንባርን መንገድ ተከተልን። ለእማዬና ለትንሿ ልጄ ግን ጥርስ ከመጀመሪያው የተከለከለ ነበር። የአዛውንት ቆዳ ስስ ነው፤ መለማመጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ሉና ጠንክራ ስትይዘኝ የመጀመሪያው ትምህርት የእኔ ነበር፦ እጅ አይነጠቅም። የሚሸሽ እጅ ለሀስኪ የሚሮጥ ጥንቸል ነው፤ ታሳድደዋለች። በዚያ ላይ ሲነጠቅ ነው ቆዳው የሚቧጨረው። እጄን እንደ በድን ልልም አደርገዋለሁ። ስትለቀኝ በዝግታ አነሣዋለሁ። አንዲት ቃል እናገራለሁ፤ አልጮህም። ከዚያ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ለሕፃናት ደረጃ ላይ የሚገጠመውን አጥር ተሻግሬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ እቆማለሁ። ተመልሼ ምንም እንዳልተፈጠረ ጨዋታውን እቀጥላለሁ። ደግማ ከነከሰች ደግሜ እሄዳለሁ። አንዳንድ ማታ አሥር ጊዜ ተነሥቻለሁ። ወገቤ ይመስክር።

ለምን ረጅም ቅጣት አይሆንም? ውሻ ጥፋትንና ውጤትን የምታያይዘው ሁለቱ ሲቀራረቡ ነው። ግማሽ ሰዓት ሽንት ቤት ብትዘጉባት ከአምስት ደቂቃ በኋላ የምታስበው ስለ ንክሻው አይደለም፤ ስለ ሽንት ቤት ወረቀቱ ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

«እንደ ቡችላ ጩኹባት» የሚል ምክርም ሰምታችሁ ይሆናል። ለአንዳንድ ውሻ ይሠራል። እኔ ሞክሬው ሉና ቆማ ጆሮዋን ቀሰረች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ አላዘነች። አብረን የምንዘፍን ነው የመሰላት። ሀስኪ እንደ ሌላው ውሻ ብዙም አይጮህም፤ ያላዝናል፣ ያጉተመትማል፣ ይመልሳል። እማዬ የመጀመሪያ ሌሊት ይህን ሰምታ አልተኛችም። «ውሻ ሲያላዝን ጥሩ አይደለም፤ ሰው ሊሞት ነው» ብላ ጸሎት ላይ አደረች። ጠዋት አዲስ አበባ ደውላ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደኅና መሆኑን አረጋገጠች።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ደረስን። ትኩረት መንሳት ሲጀመር ንክሻው መጀመሪያ ይብሳል። ሱቅ በር ላይ ከረሜላ የሚለምን ልጅ አስቡ። ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይገዛለት ነበር። ዛሬ «አይገዛም» ተባለ። ዝም ይላል? መሬት ላይ ይንከባለላል እንጂ። ትናንት የሠራው ዘዴ ዛሬ ስላልሠራ ጨመር አድርጎ ይሞክረዋል። በዚያች ደቂቃ ከረሜላው ከተገዛ ልጁ የተማረው «ማልቀስ አይበቃም፣ መንከባለል ያስፈልጋል» ነው። ሉናም እንዲሁ። በሁለተኛው ሳምንት ትታኝ የነበረውን ቁርጭምጭሚቴን እንደ አዲስ ጀመረችው። እዚያ ላይ አንዴ ብሮጥ፣ አንዴ ብጮህ የሁለት ሳምንቱ ድካም ገደል ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ካልተስማማ ከንቱ ነው። አንዱ ሲከለክል ሌላው «አይ እሷ እኮ ስትጫወት ነው» ብሎ እጁን ከሰጣት፣ ሎተሪ አቆማችሁላት ማለት ነው። አንዳንዴ የሚወጣ ዕጣ ሁልጊዜ ከሚከፈል ደመወዝ የበለጠ ሱስ ያስይዛል። ቃሉም አንድ ይሁን። እኛ ቤት እኔ «ኖ»፣ ባለቤቴ «ተይ»፣ እማዬ «ኧረ ባክሽ»፣ ልጆቹ ደግሞ «ተው» ይሏታል። እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆች ተውና ተይ ያው ነው፤ ሴቷን ውሻ «ና» ብለው ነው የሚጠሯት። ለሉና ግን እነዚህ አራት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። በመጨረሻ «ተይ» ላይ ተስማማን። ልጆቹም ሳያስቡት የአማርኛ ሰዋስው ተማሩ።

መከልከል ብቻውን ግማሽ መንገድ ነው። አፏ ሥራ ይፈልጋል። እጅ ላይ ከመድረሷ በፊት የምትጎትተው ገመድ ወይም የጎማ መጫወቻ ስጧት። ጊዜው ወሳኝ ነው፤ ከነከሰች በኋላ ብትሰጧት የንክሻ ሽልማት ይመስላታል። እኛ በየክፍሉ አንዳንድ ገመድ አስቀመጥን። ገመድ መጓተት ኃይለኛ ያደርጋታል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበልም። ሕግ ካለው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። «ልቀቂ» ስትባል ከለቀቀች ጨዋታው ይቀጥላል። ጥርሷ ጣት ከነካ ያልቃል። ልጆቹ የተቀደደውን ነጠላ ቆራርጠው የመጎተቻ ገመድ ሊሠሩላት ፈለጉ። አይሆንም አልኳቸው። ሉና ያረጀውን ነጠላ ከአዲሱ አትለይም።

ለሚያሳክክ ድድ ርጥብ ጨርቅ ቋጥሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማድረግ ይረዳል። ኮንግ የሚባለውን ክፍት ጎማ በምግቧ ሞልቶ አቀዝቅዞ መስጠትም ግማሽ ሰዓት ያስተኛችኋል። የለውዝ ቅቤ የምትጠቀሙ ከሆነ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንደሌለበት ጀርባውን አንብቡ፤ ለውሻ መርዝ ነው። ለሽልማት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በጣም በትንሹ ተቆርጦ ይበቃል። ከዶሮ ወጡ ግን አይሁን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በአገር ቤት ትራፊ በልቶ ኖሯል ትላላችሁ። የሞተውን ማን መረመረው?

ሌላው የተናቀ ምክንያት እንቅልፍ ነው። ቡችላ በቀን 18 ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትተኛለች። ልጅ የሞላበት ቤት ውስጥ ማን ያስተኛታል? ሉና በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ዛሯ ይነሣ ነበር። ሳሎኑን ትዞራለች፣ ሶፋ ላይ ትወጣለች፣ ያገኘችውን እጅና እግር ትቦጭቃለች። እኛ ጉልበት ተርፏት መስሎን ይበልጥ እናስሮጣት ነበር። ነገሩ ግልባጩ ነበር፤ ደክሟት ነው የምታብደው። ልክ እንቅልፍ እንቢ እንዳለው ሕፃን። ከዚያ በኋላ ቀን ላይ ሁለት ጊዜ በጨለማ ክፍል ማስተኛት ጀመርን። ከምንም በላይ የማታውን ንክሻ የቀነሰው እሱ ነው። ጠዋት ደግሞ ትሮጣለች፤ ሚኒሶታ ቅዝቃዜው አይጠፋ። እኔ በጃኬትና በጓንት ስንቀጠቀጥ እሷ በረዶ ላይ ትንከባለላለች።

«ኧረ አንድ ጊዜ አፏን ብትላት ይበቃታል» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አፍ መምታት፣ አፍ አፍኖ መያዝ፣ በጀርባዋ ጥሎ «አለቃሽ እኔ ነኝ» ማለት። የመጨረሻው ሳይንስ የሚመስል ታሪክ አለው። የማይተዋወቁ ተኩላዎች አንድ አጥር ውስጥ ሲዘጉ ለበላይነት ሲፋለሙ ታዩ፤ ሰዎችም ያንን ወደ ውሻ አመጡት። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሚች ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ የዱር ተኩላ መንጋ ባብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው እንደሆነ አስረዳ። አለቅነቱ ወላጅነት ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው አቋም በሽልማት ማስተማርን ነው የሚመክረው። በእኔ ቤት ሚዛን ሲታይ ደግሞ ጉዳዩ ቀላል ነው። ተጫዋች ሀስኪን አፏን ብትመቷት ወይ የጨዋታው ክፍል ይመስላትና ትብሳለች፣ ወይ የሰው እጅ ወደ ፊቷ ሲመጣ መፍራት ትጀምራለች። የፈራች ውሻ ስትነክስ ጨዋታ አይደለም።

ጨዋታውን ከእውነተኛው እንዴት እንለያለን? ሰውነቷን እዩ። የምትጫወት ውሻ ልል ናት። የፊት እግሮቿን ዘርግታ፣ ደረቷን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ ታደርጋለች። ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሣ ነው የምትመስለው። አፏ ክፍት ነው፤ ትመጣለች፣ ትሸሻለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። የተቆጣች ወይም የፈራች ግን ትደርቃለች። አፏ ይዘጋል፣ ዓይኗ ይፈጥጣል፣ ነጩ ይታያል፣ ከምግቧ ወይም ከአጥንቷ በላይ ቆማ ታጉረመርማለች። ለማጉረምረሟ አትቅጧት። ማጉረምረም ክላክስ ነው። ክላክሱን ብትነቅሉት መኪናው አይቆምም፤ ሳያስጠነቅቅ ይመጣባችኋል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ ወይም ጨዋ የነበረች ውሻ ድንገት መንከስ ከጀመረች፣ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ጆሮ ወይም ዳሌ ያመማት ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ባለሙያ አሰልጣኝ። ይህ ጽሑፍ ለጨዋታው እንጂ ለዚያኛው አይበቃም።

ቡችላነቷ ያለፈ ሀስኪ ያላችሁም «እኛስ?» ትላላችሁ። ዓመት የሞላት ሴት ሀስኪ ከ16 እስከ 23 ኪሎ፣ ወንዱ እስከ 27 ኪሎ ይደርሳል። ሕጉ ያው ነው፤ ትግሉ ግን በጥርስ ሳይሆን በልማድ ነው። ብዙዎቹ የሚይዙት የጃኬት እጅጌና የማሰሪያ ገመድ ነው፤ በተለይ ከእግር ጉዞ መልስ ላይ። እዚያ ጀርባ ሰጥቶ መሄድ አይቻልም፤ ገመዱ በእጃችሁ ነዋ። ዛፍ ወይም አጥር ላይ አስሯትና ሁለት እርምጃ ራቁ። ስትረጋጋ ተመለሱ። ወይም ከቤት ስትወጡ የምትሸከመው መጫወቻ አፏ ውስጥ ስጧት። አፍ ሁለት ነገር አንድ ላይ አይዝም።

እንግዳ ሲመጣ ጉዳዩ የውሻ ብቻ አይደለም። ከቅዳሴ የመጣ ሰው ነጭ ልብሱን በውሻ አፍ ማስነካት አይፈልግም። ብዙዎቹ ሙስሊም ወዳጆቻችንም የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ለሶላት መታጠብ አለበት ይላሉ። «አትፍሩ፣ አትናከስም» ብሎ መሳቅ ነውር ነው። በራችን ሲንኳኳ ሉና ገመዷ ይታሰራል፣ ቁጭ ትላለች፣ እንግዳው ፈቃዱ ከሆነ ብቻ ትቀርባለች። ልጆች ደግሞ ውሻ ስታሳድዳቸው እንዲሮጡ ሳይሆን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው እንደ ምሰሶ ቀጥ እንዲሉ አለማምዷቸው። ሕፃንን ከውሻ ጋር ብቻውን አለመተው ግን ለየትኛዋም ጨዋ ውሻ የማይነሣ ሕግ ነው።

ሕግ ካነሣን፣ ሚኒሶታ ውስጥ ውሻችሁ ሳትተነኮስ ሰላማዊ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰች ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። «ከዚህ በፊት ነክሳ አታውቅም» ማለት አያድንም። አንዳንድ አከራዮችና ኢንሹራንሶችም ሀስኪን አይቀበሉም፤ ውሉን ሳታነቡ ቡችላ እንዳታመጡ። ጥርሷ ቆዳ ከበሳ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አገር ቤት ላላችሁ ይህ ይበልጥ ይሠራል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ቶሎ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ጸበልም የሚሄድ ሰው ክትባቱን ያስቀድም።

እማዬ አራት ወር ተቀምጣ ሄደች። ነጠላውን ራሷ ሰፍታ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ትለብሰው ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ጥለቱን ሰብሰብ አድርጋ «ቁጭ በይ» ትላታለች። ሉና ቁጭ ትላለች። ዝም ብላ ግን አይደለም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እማዬ መኪና ውስጥ እስክትገባ ድረስ ታጉተመትማለች።